በግራ መስኮት የወደቀች ደብዳቤ

ሐርጌሳ ውስጥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሶማሊኛ እንደማይችል ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ። ሐሜቱም፣ ስድቡም፣ የሰው ምስጢሩም በጆሮዬ ሲያልፍ እኔ ምንም እንዳልገባው ሰው ፊቴን ደፍኜ መሪዬን ጨብጬ እሄድ ነበር። ለምን ብትሉኝ፣ እንጀራዬ በዚያ ነበር። የማጫውታችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት አራት ቀናት የሆነውን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውንም ራሴንም የማይበት ዓይን ሌላ ነው።

ስሜ ጀማል ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከሚስቴ ከዘይነባ ጋር መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ስድስት ወር እርጉዝ ናት። ከተማው ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየወጣ ነበር። የአንዱ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ፣ ጎረቤቱ ጣሪያውን እንዳጣ ግድግዳው በጥይት ተበሳስቶ ይታያል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና የማያልፍበት ሰዓት አልነበረም።

ጌታዬ ኢድሪስ ይባላል። አያቱ የጎሳ አለቃ ነበሩ፣ አባቱ ሐጂ ሰኢድ የድሮው ፓርላማ ሰው፣ አጎቱ ደግሞ ሚኒስትር። እሱ ከስደት ተመልሶ የሰፈሩን ፍርስራሽ በሚያስጠርግ ኮሚቴ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት ገባ፤ ከዚያ በአንድ ሚኒስቴር ዳይሬክተር ሆነ። የቀረው የአባቱ ወንበር ነው። ሰዉ ከወዲሁ “ሙዳኔ” እያለ ይጠራዋል፤ የተከበሩ እንደማለት ነው፣ ለፓርላማ ሰው የሚሰጥ ስም። እሱም አልሆንኩም ብሎ አያርምም።

ሾፌር አድርጎ ሲቀጥረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ሶማሊኛ ትችላለህ ወይ አለኝ። ትንሽ ትንሽ አልኩት። ያ መልስ ደስ ሲያሰኘው ፊቱ ላይ አየሁ። ኋላ ሲገባኝ የቀጠረኝ ጎሳ ስለሌለኝ ነው፤ የአገሩን ሰው ሾፌር ካደረገ፣ ያ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ወሬውን የሚያካፍለው አጎትና የአጎት ልጅ አለው። እኔ ማን አለኝ? በዚያ ላይ ወታደሮቹ በገዙበት ዘመን ሐጂ ሰኢድ የታሰሩት ሾፌራቸው ባወራባቸው ወሬ ነው ብሎ ቤተሰቡ ያምናል። ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ መኪና ውስጥ ስለ ፖለቲካ ትንፍሽ አይባልም። ኢድሪስ ተቀምጦ የቁርዓን ካሴት ይከፍታል፣ እስክንደርስ ሌላ ድምፅ የለም። እናቱ ሆዮ ሀዋ እንኳ መኪናው ውስጥ የሚያወሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ብቻ ነው።

እኔ በስድስት ወር ውስጥ ሶማሊኛውን ለምጄዋለሁ። ግን ያቺን “ትንሽ ትንሽ” መልሼ መዋጥ አልቻልኩም። ሲያዙኝ ግማሹን እንዳልሰማ ሆኜ አስደግማለሁ። እንዲህ ሆነን፣ እሱ እኔን እየጠረጠረ፣ እኔም እንዳይደርስብኝ እየፈራሁ፣ ተስማምተን ኖርን።

ነገሩ የመጣው ሰኞ ከሰዓት ነው። ያ ሳምንት ለኢድሪስ የሕይወት ሳምንት ነበር። ጎሳው ለምርጫ የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ፈላጊው ግን ሁለት ሆኗል፤ ኢድሪስና የአጎቱ ልጅ መህዲ። ሁለቱም የአንድ አያት የልጅ ልጆች ስለሆኑ ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል። አርብ ይሰበሰባሉ፣ ግን ጉዳዩ የሚያልቀው ሐሙስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሐሙስ ከገጠር የሚመጡ ዋርሳሜ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። ከመንገድ ደክሟቸው አንድ ቤት ገብተው ከሰዓት በርጫ ይቀመጣሉ። አብሯቸው ጫት የቀመሰ፣ ጉዳዩን አስረድቶ የቁርዓኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን ያስቀራ ሰው አሸነፈ ማለት ነው። ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ቃል አይታጠፍም። የት ቤት እንደሚቀመጡ ግን ከኢድሪስ ወገን በቀር ለማንም ተደብቋል።

ሰኞ ከገበያው ጫፍ ወደ ኮድቡር ሰፈር ስንመለስ መንገዱ ተዘጋጋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐርጌሳ መኪናው የሚነዳው እንደኛ አገር መንገዱን በቀኝ ይዞ ነው፤ መኪኖቹ ግን ለሌላ አገር መንገድ ተሠርተው በዱባይ በኩል የሚመጡ ስለሆኑ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የእግረኛ መንገዱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጌታው ደግሞ ከፊት በግራ፣ በመንገዱ መሀል በኩል። ኢድሪስ ፀሐይ እንዳይመታው በመስኮቱ ላይ ሽርጥ ሰቅሏል፤ መስታወቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎታል።

ከፊት ለፊት ወደ በርበራ የሚሄዱ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ይመጣሉ። አንዱ አጠገባችን ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ከላይ ከጋቢናው አንድ እጅ ወርዶ በግራው መስኮት የታጠፈች ወረቀት ጣለ። ቀጥሎ በአማርኛ፣ “ጀማል፣ ለማንም እንዳታሳይ፣ አንብበህ ቅደዳት” የሚል ድምፅ መጣ። መኪናው ጥሩንባ ተነፍቶበት ሄደ።

ድምፁን አወቅሁት፤ ከማል ነው፣ የዘይነባ ወንድም። የመጀመሪያ ጉዞው ነው። መኪናችንን ጣሪያዋ ላይ ከታሰረው ቢጫ ጀሪካን ለይቷታል፤ ጽፌ የነገርኩት እኔ ነኝ። አገራችን መንገድ ላይ ሁለት ሾፌሮች ሲተላለፉ መስኮት ለመስኮት ሲጋራም መልእክትም ይቀባበላሉ፤ በግራ የሚቀመጠው ሾፌር ነውና። እሱም ያንኑ አደረገ። ወረቀቷ ያረፈችው ኢድሪስ ጭን ላይ ነበር።

ኢድሪስ ወረቀቷን አነሳ። ገለጣት። ረጅም ጊዜ ያዛት፤ ፊደሉን ሳይገለብጥ ነበር የያዛት፣ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኩም። የአማርኛ ፊደል ለሱ ምን ሊለው ነው ብዬ ተጽናናሁ። ካሴቱን አጠፋና ምን አለ ሰውየው ሲል በሶማሊኛ ጠየቀኝ። የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሰላምታ ነው አልኩት። አቁምና አንብብልኝ አለኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ወረቀቷን ተቀብዬ በልቤ አነበብኩ። እንዲህ ትላለች፦

“ጀማል፣ ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ አንድ የስንዴ ነጋዴ ያዘኝ። የመህዲ ሰው ነው። አንተ የማን ሾፌር እንደሆንክ ያውቃል። ሽማግሌው ሐሙስ የሚቀመጡበትን ቤት እንድትነግረኝ ይፈልጋል። የመኪናውን ሊብሬ ወስዶብኛል፣ ጭነትህን አድርሰህ ስትመለስ ወሬውን አምጣና ውሰድ ብሎኛል። ሊብሬው ከጠፋ ባለመኪናው ያባርረኛል። ሐሙስ ጠዋት ሐርጌሳ እደርሳለሁ። ለዘይነባ አትንገራት።”

የዘይነባ እናትና ሦስት ታናናሾቿ የሚበሉት ከከማል እጅ ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ እውነቱን ባነብለት፣ የኔ ዘመድ ከመህዲ ሰው ጋር ተገናኝቶ ደብዳቤ ሲጥልልኝ በዓይኑ አየ ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ደብዳቤ መሆኑን በምን አስረዳዋለሁ? አባታቸውን ሾፌር አሳሰራቸው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። በአንድ ቀን ከነዘይነባ ድንበር ላይ እንደምጣል ታየኝ።

በዚያች ትንሽ ትንሽ ሶማሊኛዬ፣ አማቴ ታማለች ይላል፣ ዱዓ አድርጉ ይላል አልኩት። ኢድሪስ አየኝ። አላህ ያሽራት አለና ካሴቱን መልሶ ከፈተ።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ከቢሮ ስንወጣ፣ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ያላየሁት ነገር ሆነ። መኪናው ውስጥ ሞባይሉን አወጣ። ያን ጊዜ ሞባይል የሚይዘው ጌታ እንጂ ሾፌር አይደለም። ካሴቱን ቀነሰ፣ ከዚያም ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዱ ቃል በሚሰማ ሶማሊኛ ተናገረ። ሽማግሌው ሐሙስ ሠላሳ አንድ ሜይ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ሰማያዊ በር ቤት ነው የሚቀመጡት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ማንም እንዳይሰማ አለ። ስልኩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ መኪና ውስጥ ስለ ጉልበት ሕመም ብቻ የሚወራበት ቤተሰብ፣ ዛሬ ትልቁን ምስጢር ጆሮዬ ሥር ያፈሰሰው ለምንድን ነው? ሶማሊኛ እንደምችል ደርሶበታል አልኩ። ስለ ደብዳቤውም አንድ ሰው ነግሮታል። ወረቀቷን ያን ዕለት ቀድጄ ቦይ ውስጥ በትኛት ነበር፣ ግን ከማል ከላይ የጮኸውን በቃሉ ይዞት ቢሆንስ? አማርኛ የሚያውቅ ነጋዴ በገበያው ሞልቷል። ይህ ወጥመድ ነው፣ እኔን ሊይዝበት የዘረጋው ነው አልኩ።

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ዘይነባ ምን ሆነሃል ስትለኝ ጥርሴን አልኳት። ረቡዕ ጠዋት ሆዮ ሀዋ ቁርስ ሰጥተውኝ አጠገቤ ቆሙ። አማትህ እንዴት ሆነች አሉኝ። ተሽሏታል አልኩ፤ በማን በኩል ሰማህ አሉኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነስቼ መኪናዋን ላጥብ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ እያየኝ መሰለኝ። ምናልባትም ማንም አላየኝ ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ከማልን ከባድ መኪኖቹ ከሚያርፉበት ሜዳ አገኘሁት። ጎማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ከስቷል። ደብዳቤዋ በማን እጅ እንደገባች ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መሪው በቀኝ መሆኑን ማን ነግሮት? ቀጥሎ፣ ለምኖኝ የማያውቀው ሰው ለመነኝ።

“አንድ ቃል ናት ጀማል። የቤቱን ስም ብቻ። ማን ይሞታል በሷ?”

ሰማያዊው በር ምላሴ ላይ ነበር። ብናገር ምን ይሆን ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ግን በዚያች ሰዓት የታየኝ የኢድሪስ ዓይን ነው። ከኋላችን የቆመ ሰው ያለ መስሎኝ ሁለቴ ዞርኩ። አላውቅም አልኩት፤ እኔ ፊት አያወሩም፣ ሶማሊኛም በደንብ አልሰማም አልኩት። ከማል ከጎማው ላይ ተነሳ። እንደምዋሸው ገብቶታል። ሰላም ሳይለኝ ጋቢናው ላይ ወጣ።

ከሰዓት ኢድሪስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የአባቱን ከዘራ ይዞ ወጣ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ኮድቡር ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ፣ ከአንድ ሱቅ ፊት አቁም፣ ሞተሩን አታጥፋ አለኝ። አቆምኩ። ሞባይሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል። ስልኩ አይጮህም። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ራሱ ደወለና፣ መጡ ወይ አለ፤ አንድም መኪና አልመጣም? ደህና፣ ጠብቅ አለ። ላቡ በአንገቱ ወርዶ የሸሚዙን ኮሌታ አራሰው። ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ መልሶ ስልኩን አየ። ምን እንደምንጠብቅ አላወቅሁም። እየጠበቅን ያለነው እኔ ስያዝ ለማየት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ባለመያዜ ደግሞ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፣ ውስጤን እያሳቀኝ ነበር።

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ኢድሪስ ተነፈሰና ሂድ አለኝ። ወደ ሠላሳ አንድ ሜይ ልታጠፍ ስል ወደ መሐመድ ሞጌ አለኝ። ከኛ ቤት ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ አንድ ዝቅተኛ ግቢ በር ላይ አስቆመኝ። የሽማግሌው ሴት ልጅ ቤት ነው። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ የመህዲ ግራጫ መኪና ጥላ ውስጥ ቆማለች። ሁለተኛ፣ ከክፍሉ በር ላይ ብዙ ጫማ ተደርድሯል። ኢድሪስ ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ቆመ። ከውስጥ ሰዎች በአንድ ድምፅ “አሚን” ሲሉ ሰማሁ። ፋቲሃው ተቀርቷል።

አልገባም። ተመልሶ መጣና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ከዘራውን በእግሮቹ መሀል አቆመ። ሂድ አላለኝም። እኔም ሞተሩን አላስነሳሁም። የድሬዳዋ ሰው በሚናገረው በጠራ አማርኛ፣ እንዲህ አለኝ፦

“ጀማል፣ ለምን አልሸጥከኝም?”

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በዚያ መኪና ውስጥ በአማርኛ ያልኩት ሁሉ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር በመስኮት የተሳደብኩት፣ እሱን ራሱን የቦጨቅኩት ሁሉ ተደርድሮ መጣብኝ።

“አማርኛ ያውቃሉ?” አልኩት። አንቱ ማለቴን ኋላ ነው ያስተዋልኩት።

“በስደት ድሬዳዋ አራት ዓመት ሲሚንቶ ተሸክሜአለሁ። ደብዳቤዋን ያነበብኩት ካንተ በፊት ነው። አማትህን ስታሳምማት እሰይ ዋሸ ብዬ ደስ አለኝ፣ የምትሸጠኝ መሰለኝ። ሰማያዊ በር ያለው ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። መህዲ እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቅ እኔ እዚህ ፋቲሃዬን አስቀራለሁ ብዬ ነበር። መኪናዬን ተከትሎ እዚህ እንዳይደርስብኝ፣ እዚያ ደርሷል የሚል ስልክ ስጠብቅ ዋልኩ። እሱ ለካ ወሬ ሲያጣ የሽማግሌውን ዘመድ ቤት ሁሉ በየተራ አንኳኩቷል።”

“የሚፈትኑኝ መስሎኝ ነው” አልኩ።

ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነው።

“ፈትኜህ አላውቅም። እንደምትሸጠኝ ከቀጠርኩህ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የሚጠቅመኝን ቀን ነበር የምጠብቀው።”

ከዚያ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። ከቤታችን ሁለት መንገድ ላይ ስለነበርኩ በእግሬ ሄድኩ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ታማኝነትህ ተበላ ይሉኛል። እኔ ግን ራሴን አላሞካሽም። ከማልን የመለስኩት ከታማኝነት ይልቅ በፍርሃት ነው፤ ወጥመዱን አይቼዋለሁ፣ የተዘረጋው ለኔ መስሎኝ ነበር እንጂ። ሰኞ ዕለት መኪናውን ዳር ሳስይዝ፣ ደብዳቤዋን እንደተጻፈች ባነብለት ኖሮ፣ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት ያባርረኝ ነበር። ምናልባት ደግሞ ያን ተንኮል ሁለታችን አብረን እንሠራው ነበር። እሱ የተሸነፈው ሰው ሁሉ ይሸጠኛል ብሎ ስላመነ ነው፤ እኔ የተባረርኩት ሰው ሁሉ ያጠምደኛል ብዬ ስላመንኩ ነው። ከዚህ በላይ የምንመሳሰልበት ነገር አልነበረም።

ኢድሪስ ከዓመታት በኋላ በሌላ ፓርቲ ተወዳድሮ ያንን ወንበር አገኘው ሲሉ ሰምቻለሁ። መኪናውን ራሱ ይነዳል አሉ። እኔ አሁን ድሬዳዋ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ክፉ ወሬ ሲኖር ቶሎ እናገራለሁ፣ ሳልቆርጥ፣ ሳላለሰልስ። አንዳንዱ ደንበኛ ባለጌ ይለኛል፤ ይበለኝ።

ሊብሬው አልተመለሰም። ከማል ሥራውን አጣ፣ ባለመኪናው ሌላ ሾፌር ቀጠረ። የዘይነባ እናት እስክትሞት ድረስ፣ ጀማል ለጌታው አድልቶ ልጄን አስራበው እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ያን ሐሙስ ቤት ስገባ ዘይነባ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። በቀን ምን አመጣህ አለችኝ። ተባረርኩ አልኳት። ምን አጥፍተህ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዋሽም ብዬ ወስኜ ስለነበር፣ ስላልሸጥኩት ነው አልኳት። መርፌዋን አቁማ አየችኝ። አሥራ ምናምን ዓመታችን ነው፣ ልጃችን አድጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ዘይነባ ግን ጌታውን ያልሸጠ ሰው አይባረርም ብላ፣ ያን ቀን ምን እንደሰረቅሁ ዛሬም ትጠይቀኛለች።